የጭቃ ቅልጥም

እስቲ ጻፊ። እኔ የምለውን ብቻ ነው የምትጽፊው፣ ማሳመር አያስፈልግም።

ትናንት በስልክሽ ያሳየሽኝ ነገር አናዶኛል። አንድ ነጭ ጋውን የለበሰ ጎረምሳ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የሰው ራጅ ያስገባል። ኮምፒውተሩ ያንን ጠፍጣፋ ፎቶ ወስዶ ድብልብል አጥንት አድርጎ ያወጣዋል። ጎረምሳው እያገላበጠ ያየዋል፣ ሐኪሙም ቢላ ሳያነሳ የት ጋ እንደሚቆርጥ ያውቃል። አንቺ ደሞ አፍሽን ከፍተሽ ዓለም የት እንደደረሰ ትነግሪኛለሽ። ዓለም የትም አልደረሰም። ያንን እኔ በደርግ ጊዜ እዚሁ ጉለሌ፣ ከቤቴ ጓሮ ቁጭ ብዬ በጭቃ ሠርቼዋለሁ። ኮምፒውተር አልነበረኝም፣ መብራትም አንዳንዴ ነው። ያውም ሁለት ጊዜ ሠራሁት። ሁለት ጊዜ የሆነበትን ምክንያት ነው ዛሬ የማወራሽ።

የእናትሽ እግር ነው። ያኔ አጭር ቀሚስ ለብሳ ትምህርት ቤት የምትመላለስ ልጅ ነበረች። አባቷ ሚሊሺያ ተብሎ ወደ ሰሜን ዘምቷል። በኋላ በሰላም ተመልሷል፣ የሱ ወሬ ሌላ ነው። ቤት ውስጥ የቀረነው እኔ፣ እናትሽና አማቴ ነን። አማቴ ማለት የወንድ አያትሽ እናት፣ ቀጨኔ ውስጥ ጋን በመሥራት የሚያህላት ያልነበረ ሴት። ሦስታችንም የምንኖረው በጭቃ ነው። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይላሉ። እኛ ገሉንም ፈጭተን ከአፈሩ ጋር ስለምንቀላቅለው የምንበላበትም አይተርፈንም ነበር።

እናትሽ ክረምት ላይ ከላይ ከተራራው ጥግ አፈር ተሸክማ ስትወርድ አዳለጣት። ወደቀች፣ ጆንያው ደግሞ እላይዋ ላይ። ቀኝ ቅልጥሟ ከጉልበቷ በታች ለሁለት ሆነ።

ወጌሻ ተጠራ። ያንን ሰውዬ ምን ብዬ ልንገርሽ። ሰፈሩ በሙሉ እጁ መድኃኒት ነው ይላል። የበግና የጥጃ እግር እየጠገነ ነው ስሙ የወጣው። በግ ደግሞ አነከስኩ ብሎ አይከስም፣ ይታረዳል፣ በቃ። ቅቤ አምጡ አለ፣ ሸምበቆ አምጡ አለ። እግሯን ጎተተ፣ አሸ፣ አሰረ። እሷ ስትጮህ "ጀግና ናት" እያለ ያወድሳታል። ከዚያ የተረፈውን ቅቤ ይዞ ሄደ።

ሸምበቆው ሲፈታ እግሯ ማጭድ ሆኗል። ከጉልበቷ በታች ወደ ውጭ ጎብጧል፣ ወደፊትም ወጣ ብሏል፣ ጣቶቿ ደግሞ ዞረው ግራ እግሯን ያያሉ። ወጌሻውን አስጠርቼ አሳየሁት። ዋናው መያዙ ነው፣ ልጅ ስለሆነች ስታድግ ይቀናል አለኝ። ማጭድ ሲያረጅ ቀና ሲባል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አልሰማሁም።

ያኔ ማጭድና መዶሻ በየግድግዳው ተስሎ ነበር፣ የቀበሌው በር ላይ፣ ትምህርት ቤቱ አጥር ላይ። ልጆች መቼስ አያልፉም፣ ስታነክስ ሲያዩ "ማጭዷ መጣች፣ መዶሻሽን የት ጣልሽው?" ይሏታል። መምህሩ ሰምቶ ልጆቹን አሰልፎ ገረፋቸው። ለእሷ አዝኖ እንዳይመስልሽ፣ አብዮቱን ተሳደቡ ብሎ ነው። ከዚያ በኋላ በሹክሹክታ ይሏት ጀመር፣ እሱ ደግሞ ይብሳል።

ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሙ ወጣት ነው። ከሶሻሊስት አገር ተምሮ የመጣ፣ ጢሙን እንደ እነሱ ያሳደገ፣ አማርኛው መሀል ላይ ሲጠፋበት ጣቱን የሚያንቋቋ። በዕድሜ ታላቁ ነኝ፣ እኔን ግን አንቺ ነው የሚለኝ። እኔ እርስዎ እለዋለሁ። እኩልነት መጣ የሚባልበት ዘመን ነው እንግዲህ፣ ለማን እንደመጣ አላውቅም።

ራጅ ተነሳች፣ አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከጎን። ሁለቱን ፊልም መስኮት ላይ ለጠፈና አሳየኝ። የፊቱ ፎቶ አጥንቱ ወደ ውጭ ጎብጧል ይላል። የጎኑ ደግሞ ወደፊት ጎብጧል ይላል። ሐኪሙ እንዳለኝ ሁለቱም ጥላ ናቸው። አጥንቱ ያለው አንድ ጉብጠት ነው፣ እሱም የሚያየው ፎቶ ወዳልተነሳበት በኩል፣ በሁለቱ መሀል ነው። መጠምዘዙን ደግሞ አንዱም ፎቶ አያሳይም። እሱ እንግዲህ ከጎበጠበት ላይ ሽብልቅ የመሰለ ቁራጭ አውጥቶ፣ ሁለቱን ጫፍ አጋጥሞ፣ ብረት ሊያስርበት ነው። ሽብልቁ በየት በኩል ሰፍቶ በየት በኩል እንደሚሳሳ ካላወቀ አንዱን ጠማማ ወስዶ ሌላ ጠማማ ይሰጠኛል።

"አንዴ ነው የምቆርጠው" አለኝ። "ብሳሳት ሁለተኛ የሚቆረጥ አጥንት አይተርፋትም።"

ቢቀርስ አልኩት። ባደገች ቁጥር ጉልበቷ እየተበላ ይሄዳል፣ ለወግ ለማዕረግ ስትደርስ በምርኩዝ ነው አለ። እናትሽ አጠገቤ ቁጭ ብላ ትሰማለች። አንድ ሰው እንኳ ልጅቷ ትሰማለች ብሎ ድምፁን ዝቅ አላደረገም።

እሱ በተማረበት አገር እንዲህ ያለ አጥንት ሲገጥማቸው ከመቁረጣቸው በፊት ምስሉን በጄሶ ሠርተው፣ ጄሶውን ቆርጠው፣ ገጣጥመው ይሞክሩታል አሉ። እዚህስ አልኩት። ጄሶው ለግንባር ቁስለኛ ነው፣ ለመለማመጃ ጄሶ ብጠይቅ ፀረ አብዮት ይሉኛል አለ። ከዚያ ሥራዬን ጠየቀኝ። ሸክላ እሠራለሁ አልኩ። ፈገግ አለ። ጀበና የሠራ እጅ አጥንት መሥራት አያቅተው አለ። ቀልዱን ነው። ነርሷም ሳቀችለት።

"ፎቶዎቹን ይስጡኝ" አልኩት።

ፊልሙ ከሆስፒታል አይወጣም። ስለዚህ የመድኃኒት ካርቶን አምጥቶ፣ ፊልሙን በመስኮቱ ብርሃን እያየ የሁለቱን ፎቶ ዳር በእርሳስ ገለበጠና በመቀስ ቆረጠልኝ። አንዱ ካርቶን የፊቷ፣ አንዱ የጎኗ። ፎቶው ጥላ ስለሆነ ከእግሯ ትንሽ ያልፋል አለኝ። እኔም ጭቃ ሲደርቅ ያንሳል አልኩት። እንግዲያው ይካካሳሉ አለ። ያን ቀን የተስማማንበት ነገር እሱ ብቻ ነው። እንዳታቃጥዪው ግን አለኝ፣ በመጋዝ እንድቆርጠው። የተቃጠለ ሸክላ በመጋዝ ሲቆረጥ ያየ ሰው አለ እንዴ? ጠፈፍ ሲል አመጣልዎታለሁ አልኩና ወጣሁ።

አሁን ሥራውን ልንገርሽ። የእኛ ዕቃ ከየትም ብታይው አንድ ነው። ማሰሮ ፊትና ጎን የለውም፣ እየዞርሽ ነው የምትሠሪው፣ እጅሽም የሚያውቀው መዞር ነው። አጥንት እንደሱ አይደለም። ቅልጥም ከፊት ስለት አለው፣ ከኋላ ጠፍጣፋ ነው፣ ከላይ ይሰፋል፣ ከታች ደግሞ ለቁርጭምጭሚት ያብጣል። መጀመሪያ ሳድቦለቡለው ሳላውቀው እጄ ክብ አደረገው። እናትሽ አየችና፣

"እማዬ፣ ይሄ የጀበና አንገት ነው" አለችኝ።

አፈረስኩት። ከዚያ ካርቶኖቹን እንደ መፋቂያ ያዝኳቸው። ጭቃውን አጋድሜ የፊቱን ካርቶን ጎን ላይ አስጠግቼ የተረፈውን እፍቃለሁ፣ የጎደለውን እሞላለሁ። ከዚያ አዙሬ የጎኑን ካርቶን እንደዚያው። አንዱ ሲስተካከል ሌላው ይበላሻል። በሁለቱ ካርቶን መሀል ያለውን፣ ማንም ፎቶ ያላነሳውን ደግሞ ከእግሯ ላይ ነው የወሰድኩት። ቅልጥም ከፊት ሥጋ የለውም፣ ቆዳ ብቻ ነው፣ በጣትሽ ትከተዪዋለሽ። እግሯን በርጩማ ላይ ትዘረጋለች፣ እኔ አንድ እጄን እሷ ላይ፣ አንድ እጄን ጭቃው ላይ አድርጌ አብሬ እወርዳለሁ። እሷ ይኮረኩረኛል እያለች ትስቃለች። ስቃ ስቃ ደግሞ ዝም ትላለች። ጭቃው እሷን እየመሰለ ሲመጣ ነው ዝም ያለችው። የራስሽን ጠማማ አውጥተው ፊትሽ ሲያስቀምጡት ደስ አይልም።

ሰፈሩ ደግሞ ሥራ አገኘ። እኛን ድሮም ቡዳ ይሉናል። አብዮቱ መጥቶ ቡዳ ማለት በስብሰባ ተከለከለ፣ ግን በስብሰባ ብቻ። ከአጥሩ ማዶ ያለችው ሴትዮ በቀዳዳ አይታ የሰው አጥንት እየሠራች ነው ብላ አወራች። ቅልጥም ነው አለች፣ ወጋ ወጋ የሚያደርጋት እግሯም ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው አለች። ከኔ ቤት አጥር ስር ልጇን እያቀፈች ነበር የምታልፈው። ከኔ የገዛችውን ድስት ግን አልጣለችውም። ወጥ ስትሠራ የኔ ቡዳነት ይጠፋ ነበር መሰለኝ።

ጭቃው አለቀ። አመድ ላይ አስተኛሁት፣ ጎኑ እንዳይሰነጠቅ በእርጥብ ጆንያ ሸፍኜ ጥላ ስር አደረግሁት። ያን ቀን የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ጠርቷል። የቀረች የስኳርና የሳሙና ካርዷ ይያዛል። ሄድኩ። ስለ ሴቶች ነፃ መውጣት ሲያስረዱን ዋሉ፣ ማንም ሾልካ እንዳትወጣ በሩን ቆልፈውብን። ስመለስ ጆንያው እንደተሸፈነ ነው። ጭቃ ጠፈፍ ሊል ሲል ንፋስ እንዲነካው አይወድም፣ ስለዚህ አልገለጥኩትም። በማግስቱ ጠዋት ከነጆንያው ዘንቢል ውስጥ አስተኝቼ፣ እናትሽን እያነከሰች አስከትዬ፣ ሆስፒታል ወረድን።

ሐኪሙ ይዘሽ መጣሽ ብሎ ገረመው። ወረፋው ኮሪደሩን ሞልቶ ስለነበር ቸኩሏል። ጆንያውን ገለጠ፣ አጥንቱን ጠረጴዛ ላይ አደረገ፣ ርዝመቱን ለካ፣ ልክ ነው አለ። ከዚያ በእርሳስ የሽብልቁን መስመር ማስመር ጀመረ። ደስ ብሎታል፣ በዚያ በሌላው ቋንቋ አንድ ነገር እያንጎራጎረ። እንዲህ ትንሽ ከሆነማ ቀላል ነው፣ ትንሽ ቁራጭ ይበቃል፣ ሐሙስ አስገባታለሁ አለኝ። እኔ ደስታዬን ምን ልበልሽ፣ ከመቀመጫዬ ልነሳ ስል፣

"እሱ የኔ እግር አይደለም" አለች እናትሽ።

ሐኪሙ ቀና አላለም። እሺ፣ የጭቃ ነው፣ ያንቺማ ሊሆን አይችልም አላት።

"የኔ ከዚህ ይበልጣል ጠማማነቱ።"

ዝም በይ አላት። እኔም ዝም በይ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ሐሙስ ብሎናል፣ ሰው ለዓመት ወረፋ የሚጠብቀውን ሐሙስ ብሎናል። ግን ጎንበስ ብዬ ጭቃውን አየሁት። መሀሉ ላይ፣ ከጉብጠቱ ጀርባ፣ የአውራ ጣት አሻራ አለ። ጥፍር የሌለው አውራ ጣት። የአማቴ አውራ ጣት ድሮ በእሳት ተቃጥሎ ጥፍሩ አልበቀለም፣ የነካችው ዕቃ ሁሉ ላይ ያንን ለስላሳ ምልክት ይተዋል። ገበያ ላይ የሷን ጋን ከሩቅ የምለየው በሱ ነው። ጉብጠቱን ከጀርባ ደግፋ፣ በአውራ ጣቷ ገፍታ፣ አቅንታዋለች።

የሐኪሙን እጅ ያዝኩት። ክልክል ነው መቼም። በቁጣ አየኝ።

"ሰው ነክቶታል" አልኩት።

"ማን?"

"አማቴ።"

"ለምን?"

"ጠማማ ስለሆነ።"

 ከዚያ ፊልሞቹን አውጥቶ መስኮት ላይ ለጠፈ፣ ጭቃውን ብርሃኑ ፊት አንስቶ አነጻጸረ። በዚያኛው ቋንቋ አንድ ነገር ተናገረ፣ ስድብ መሆኑን ለማወቅ መማር አያስፈልግም። ሐሙስ በዚህ ብቆርጥ ኖሮ ግማሹን ጠማማ ውስጧ ትቼ ነበር የምሰፋት አለ። ለኔ አይደለም ያለው፣ ለመስኮቱ ነው። ሐሙስ ቀረ። ሌላ ሠርቼ እንድመጣና አማቴን እንዳስራት ነገረኝ። ነርሷ አሁንም ሳቀች፣ ያቺ ሴትዮ ምን አግኝታ እንደምትስቅ ዛሬም አልገባኝም።

እስከ አዲሱ ገበያ ዳገቱን በሙሉ በሆዴ እየተሳደብኩ ነው የወጣሁት። አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ካልነገርኩሽ አይገባሽም። በኛ ግቢ፣ በኛ ሙያ፣ የዘመመ ዕቃ አይታለፍም። የማንም ይሁን የማን፣ ሳይደርቅ ያየሽው እንደሆነ ቀና አድርገሽ ታልፊያለሽ። ለባለቤቷም አትነግሪያትም፣ መንገር ማሳፈር ነውና። እኔ ራሴ ሙሽራ ሆኜ ስገባ የሠራሁት ማሰሮ ሁሉ ሲነጋ ቀንቶ አገኘው ነበር፣ ለረጅም ጊዜ የራሴ ሙያ መስሎኝ ስኮራ ከረምኩ። እንዲህ ያለ ወግ ለማሰሮ ጥሩ ነው። ለአጥንት ይሆናል ያለ ማነው?

ቤት ስገባ አማቴ ደጃፉ ላይ ጭቃ ታሻለች። አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ ነገርኳት። አማትሽን እንዲህ አትናገሪም፣ ያኔ ሰው ሰምቶኝ ቢሆን ጉድ ነበር። እርስዎ ለዓይንዎ እንጂ ለልጅቷ አላሰቡም አልኳት። እርስዎ ያቀኑት ጭቃ እግሯን አላቀናውም፣ ሐኪሙን ግን ሊያሳውረው ነበር አልኳት። ወጌሻው በሸምበቆ የጀመረውን እርስዎ በአውራ ጣት ሊጨርሱት ነበር አልኳት። እሷ ማሸቷን አላቆመችም። ያወቀች አልመሰለኝም ነበር። ለካ የማን እግር እንደሆነ ገልጣ ስታየው ወዲያው አውቃለች።

"የልጄን ልጅ እግር አጣመሽ ጥላ ስር አስተኝተሻት ሄድሽ" አለችኝ። "እኔ ብቻዬን ከሷ ጋር ምን ላድርግ? ልያት?"

እኔም አልተሸነፍኩም። ጭቃ ማቅናትማ ለማንም ይቀላል አልኩና ገባሁ። አየሽ፣ አንዳንድ ሰው ደግነቱ ራሱ ዱላ ነው። አውቆ አይመታሽም፣ አንቺ ግን ወድቀሽ ትገኛለሽ። አማቴ እንደሱ ነበረች፣ አፈሩ ይቅለላትና።

በበነጋው እንደገና ጀመርኩ። እናትሽ በርጩማ ላይ እግሯን ዘረጋች። አማቴ ሳትጠራ መጥታ ፊት ለፊታችን ተቀመጠች። እንዳይነኩት አልኳት። እጆቿን ነጠላዋ ስር ከተተች። ያቺ ሴት እጇን ሥራ አስፈትታ ተቀምጣ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ፈትል ይዛ ነበር የምትሄደው። ካርቶኖቹን አስጠጋሁ፣ ፋቅሁ፣ ሞላሁ። ስጨርስ ደህና መሰለኝ። ደክሞኛል፣ በቃ ልሸፍነው ነው።

አማቴ ጭቃውን አየች፣ የእናትሽን እግር አየች፣ እንደገና ጭቃውን።

"ጨምሪበት" አለችኝ። "ገና አልጎበጠም።"

እንደ ስድብ ነው ከአፏ የወጣው። ዕድሜዋን ሙሉ ያቀናች ሴት ናት። ለካ እኔም ሳላውቀው አለዝቤዋለሁ። ያቺ ግቢ ለካስ እኔንም አስተምራኛለች። ጨመርኩበት። አሁንም አለች። ጨመርኩበት። ጣቶቹ የሚዞሩበት ጋ ደግሞ ትንሽ ወደ ውስጥ ጠምዝዢው አለች። ጠመዘዝኩት። እናትሽ እያየችን እየየዋን ለቀቀችው። አማቴ ዞር ብላ "ዝም በይ፣ የምትቆረጪው አንቺ አይደለሽም፣ እሱ ነው" አለቻት፣ ጭቃውን በአገጯ እያሳየች። ከዚያ ጠፈፍ እስኪል ድረስ ጆንያው አጠገብ ተቀምጣ ጠበቀችው። ዶሮ እንኳ አላስጠጋችም። አንዲት ጎረቤት ጋን ልትገዛ መጥታ ገልጬ ልይ ብትል በእሳት ማራገቢያ ነው ያባረረቻት። የሰው አጥንት ወሬውም ከዚያ ወዲያ እርግጥ ሆነ።

ሐኪሙ በዚህኛው አልቸኮለም። ፊልሞቹን ለጥፎ በፊት በኩል አነጻጸረ፣ በጎን በኩል አነጻጸረ፣ ከዚያ እናትሽን አስቁሞ እግሯን ከጭቃው ጎን አድርጎ አየ። "አሁንስ ያንቺ ነው?" አላት። አዎ አለችው። መጋዝ አምጥቶ ፊታችን ቆረጠው። ሽብልቁ ሰፊ ነበር፣ ከዚያ ከመጀመሪያው እጥፍ ይሆናል። ቁራጩን አወጣና ሁለቱን ጫፍ አጋጥሞ፣ የታችኛውን ጥቂት አዙሮ ያዘው። ቅልጥሙ ቀና አለ። በሰው እጅ ውስጥ ጠማማ ነገር እንደዚያ ሲቀና ሳይ ያኔ ገና ነው እውነት መስሎ የታየኝ። ግን ከበፊቱ አጥሯል። ሐኪሙም ደብቆ አላለፈውም፣ ይሄን ያህል ካወጣሁ አንድ ጣት ያህል ታጥራለች፣ ትንሽ ባወጣ ግን ጉብጠቱ ይቀራል፣ ምረጡ አለ። ወደኔ ነው ያየው።  ለማሰሮ እወስናለሁ፣ ለሰው እግር መወሰን ከየት ላምጣ?

"ማጠሩን ጫማ ይሞላዋል" አለች እናትሽ። "ጠማማውን ግን ምን ይሞላዋል? ይቁረጡት።"

ጫማ አልነበራትም። የነበራት የላስቲክ ነው፣ እሱም የእኔ።

የቀዶ ጥገናው ቀን አማቴም መጣች። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ነበር፣ አልተቀመጠችም። ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ዋለች። አንዲት ዘመናዊ ሴትዮ ጠጋ ብላ እማማ ይቀመጡ ስትላት፣ የተቀመጠ ሰው ይረሳል አለቻት። ሐኪሙ ሲወጣ ላብ በላብ ሆኖ ነበር። እንደ ጭቃው ሆነ አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። እግዜር ይስጥልኝ ስለው እሱ ኮሪደሩን አጋምሷል። እሱን ሰው ለማመስገን ሯጭ መሆን ያስፈልጋል።

የተቆረጠውን ጭቃ አልመለሰልኝም። መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ ከውጭ እንግዳ ሲመጣ ያሳያል አሉ፣ እኔ የሠራሁት ነው ይላል አሉ። ይበል። ቀበሌውም ሰምቶ ኖሮ ሊቀመንበሩ ለአብዮት በዓል ኤግዚቢሽን ሌላ አጥንት እንድሠራ፣ የሰፊው ሕዝብ ጥበብ ተብሎ እንዲቀርብ ጠየቀኝ። የማን አጥንት አልኩት። የማንም ይሁን አለ። ያንን ዓይነት መልስ ከሱ አፍ መስማት በዚያ ዘመን አያስቅም ነበር፣ ቢሆንም ጓድ ሊቀመንበር፣ አፈር አልቋል አልኩት። የተራራ ሥር ነው የምኖረው።

ጄሶው ሲፈታ እግሯ እንደ ሽንኩርት ነጭና ቀጭን ነበር፣ ግን ቀጥ ያለ። ሐኪሙ ቁሚ አላት፣ ቆመች። ሂጂ አላት፣ ሄደች። አማቴ ከኋላ ሆና አየችና ለኔ ጠጋ ብላ አጥሯል አለችኝ። አጥሯል አልኳት፣ እንደሚያጥር ተነግሮናል። ቢሆንም አጥሯል አለች። ምን ላድርጋት?

ወደ ቤት ስንመለስ ሰፈሩ ሁሉ በየደጁ ወጥቷል። ሥራ ያለው ሰው አልነበረም ያን ቀን። ከአጥሩ ማዶ ያለችውም ሴትዮ ልጇን አቅፋ ቆማለች። እናትሽን ልዘላት ጎንበስ ብል ገፋችኝ። ዳገቱን በራሷ ነው የወጣችው፣ እያረፈች፣ ላቧ በጆሮዋ ሥር እየወረደ፣ አንድ ጊዜም ግራ ቀኝ ሳታይ። አማቴ ከፊት ከፊት እየሄደች ድንጋዩን በእግሯ ትገፋላታለች። እኔ ከኋላ ነኝ። አነከሰች ወይ ብትዪኝ፣ አዎ፣ ትንሽ። ግን የምታነክሰው ወደፊት እየሄደች ነው፣ በፊት እንደነበረው ወደ ጎን አይደለም። ጣቶቿ መንገዱን ያያሉ።

ዛሬም ስትቸኩል ታነክሳለች፣ አይተሻታል። ብትጠይቂያት አላነክስም ትልሻለች። አትጠይቂያት።